በስሜ የገባው ስለት

በአንድ ዓመት ውስጥ በሁለት የመንግሥት ወረቀቶች ላይ ሁለት የተለያየ ነገር ፈርሜያለሁ። በመጀመሪያው ለቤተ ክርስቲያን በሳምንት አንድ ፓውንድ እንደምሰጥ ጻፍኩ። በሁለተኛው ስድስት። የመጀመሪያው እውነት ነበር። ሁለተኛውን ስፈርም ውሸት መሆኑ አልታየኝም፤ በታየኝ ጊዜ ወረቀቱ ከእጄ ወጥቷል።

ለንደን ከመጣሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። አገር ቤት ደርግ ሥልጣን ከያዘ ስምንት ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የመጣሁት የጽሕፈት ሥራ ልማር ነው፤ ትምህርቱ ሳያልቅ የፓስፖርቴ ጊዜ አለቀ። ለማሳደስ ኤምባሲያችን ስሄድ ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ አምጪ ተባልኩ። ቀበሌያችን ታላቅ ወንድሜን ለአንድ ጥያቄ ትፈለጋለህ ብሎ ወስዶ የት እንዳደረሰው ያልነገረን ቀበሌ ነው። ደብዳቤውን አልጠየቅኩም። በእሱ ፈንታ እዚህ እንድኖር እንዲፈቀድልኝ ለኢሚግሬሽን አመለከትኩ። እምቢ ቢሉኝ የምመለሰው ወደዚያው ቀበሌ ነው። በዚያ ጊዜ ይህን ሳላስብ የዋልኩበት ቀን አልነበረም።

ማመልከቻው ውስጥ የኑሮ ወጪ የሚዘረዘርበት አንድ ገጽ ነበር። ኪራይ፣ ምግብ፣ አውቶቡስ። ከሁሉ በታች «ሌላ» የሚል መስመር አለ። ባዶ መተው ደስ አላለኝምና «ለቤተ ክርስቲያን፣ አንድ ፓውንድ» ብዬ ሞላሁት። ያን መስመር ማንም ሙዪው አላለኝም።

ጥያቄዬ እስኪታይ ሥራ ተፈቀደልኝና ፊንስበሪ ፓርክ አጠገብ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ገባሁ። የእኔ ድርሻ ኮሌታ ነበር። ቀኑን ሙሉ ኮሌታ እሰፋለሁ፤ የቀረውን ሸሚዝ የሚሰፉት ሌሎች ናቸው። ዓርብ ዓርብ ደሞዝ ከነዝርዝር ወረቀቱ፣ ከነፔይስሊፑ፣ ይሰጠናል። በፔይስሊፑ ላይ የተቆረጠው ታክስ ተጽፏል። ስለዚያ ታክስ አስቤ አላውቅም ነበር፤ የሄደ ነገር ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን የራሱ ሕንፃ አልነበረውም። ሆሎዌይ ውስጥ የእንግሊዞች ቤተ ክርስቲያን ተከራይተን እሑድ በማለዳ እንቀድሳለን። እነሱ ለራሳቸው ጸሎት ከመምጣታቸው በፊት ምንጣፉን ጠቅልለን፣ ወንበሩን እንደነበረ መልሰን፣ ከኋላ ወዳለው አዳራሽ እንገባለን። አዳራሹ ማሞቂያው የተበላሸ ነበር። ሻይ የሚጠጣው ካፖርት ሳይወልቅ ነው።

ገንዘብ ያዣችን አዲስ አበባ ባንክ ቤት የሠሩ፣ እዚህ ኤድመንተን መጋዘን ውስጥ ሣጥን የሚያነሱ ሰው ነበሩ። ጋሼ እላቸዋለሁ። ክፍል ያገኘሁት በእሳቸው ነው። የመጀመሪያው ክረምት ሲገባ ካፖርት የሰጡኝም ባለቤታቸው ናቸው። አንድ እሑድ ከሻይ በኋላ ተነሡና እጃቸውን አጨበጨቡ።

«ስሙኝማ። የዚህ አገር ሕግ እንዲህ ነው። ታክስ የሚከፍል ሰው፣ ከራሱ ገቢ ለአራት ዓመት በየዓመቱ ይህን ያህል ለቤተ ክርስቲያን እሰጣለሁ ብሎ ከፈረመ፣ መንግሥት በዚያ ገንዘብ ላይ የወሰደውን ታክስ ለቤተ ክርስቲያኑ ይመልሳል።»

«ማን ነው የሚመልሰው?» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

«መንግሥት።»

«የወሰደውን?»

«የወሰደውን።»

«ጋሼ፣ ይሄ መንግሥት አሞታል እንዴ? ሐኪም ይየው እንጂ።»

ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ከሳቁ በኋላ ጋሼ ፔይስሊፕ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ አሉ። ሰባት እጅ ወጣ። የቀሩት ተማሪዎች፣ ሥራ ያልተፈቀደላቸው፣ ወይም ምግብ ቤት ውስጥ በእጅ እየተከፈላቸው የሚሠሩ ናቸው። ሰባታችን ፈረምን። ለያንዳንዳችን ቁጥር ተሰጠን፤ ለየእሑዱ የሚሆን ትንንሽ ፖስታም ተሰጠን። እኔ ቁጥር አራት ነበርኩ። የፈረምኩት በሳምንት ለአንድ ፓውንድ ነው።

አሁን ስለ እትዬ መናገር አለብኝ። እትዬ በምኖርበት ቤት ምድር ቤቱ ውስጥ አንድ ክፍል የነበራቸው፣ ከእኔ አሥራ አምስት ዓመት የሚበልጡ ሴት ናቸው። ሥራ አልተፈቀደላቸውም፤ ግን ሆቴል ውስጥ አልጋ ያነጥፋሉ፤ የሚከፈላቸው በእጅ ነው። አዲስ አበባ አንድ ልጃቸው ታስሮ ነበር። ልጁ እስኪፈታ ድረስ በየሳምንቱ አምስት ፓውንድ ለእመቤታችን ሊሰጡ ተስለዋል። አምስት ፓውንድ ለእሳቸው የአንድ ቀን ድካም ነው። እሑድም ስለሚሠሩ ስለቱን የማደርሰው እኔ ነበርኩ። ቅዳሜ ማታ በመሐረብ ጥግ ቋጥረው ይሰጡኛል።

ባደግሁበት ደብር ስለት የሚያደርስ ሰው «የማን ነው?» ተብሎ አይጠየቅም። ቢጠየቅም አይናገርም። የተሳለውና የተሳለለት ይተዋወቃሉ፤ መልእክተኛው እጅ ብቻ ነው። እኔም አምስቱን ፓውንድ ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ ከትቼ ዝም እል ነበር። አንድ ቀን ጋሼ አዩኝ።

«አንቺ፣ ይሄ የሰው ስለት ነው?»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን እዚያ ትከቺዋለሽ? እዚያ ከገባ አምስት ነው። በአንቺ ፖስታ ከገባ ታክሱ ሲመለስ ሰባት ይሆናል። የእግዜርን ገንዘብ ትቀንሻለሽ?»

ነገሩን ሳስበው በአንድ ሰው ዘንቢል የሁለት ሰው ሽንኩርት እንደመያዝ ሆኖ ታየኝ። ጋሼ አዲስ ወረቀት አመጡ፤ አንዱ ስድስት ሆነ። በዓመቱ መጨረሻ ደግሞ የሰጠሁት ሁሉ ከራሴ ገቢ መሆኑን የሚያረጋግጥ ሌላ ወረቀት መጣ። የሻይ ብርጭቆ ገፋ አድርጌ በቆምኩበት ፈረምኩ። እንግሊዝኛውን ማንበብ እችል ነበር። ለሌሎች ደብዳቤ የማነብላቸው እኔ ነኝ። የራሴን ግን አላነበብኩትም።

በዚያው ሰሞን ጋሼ በስብሰባ ላይ ከሁሉ የበለጠ የሰጠ ቁጥር አራት ነው ብለው ተናገሩ። ሰው ዞር ዞር እያለ ተያየ። ፖስታዬ ላይ ቁጥሬን ያየች አንዲት ሴት በሻይ ሰዓት ጠጋ ብላ፣ «ኮሌታ ይህን ያህል ያስገኛል? እኔንም አስገቢኝ» አለችኝ። ፈገግ ብዬ ዝም አልኩ። ምስጋናው የእትዬ መሆኑን መናገር አልችልም፤ ስለት ነው። የእኔ አይደለም ማለት ግን እችል ነበር፤ አላልኩም።

ከዚያ ከኢሚግሬሽን ደብዳቤ መጣ። በዚህ ቀን ለቃለ መጠይቅ ቅረቢ፣ ገቢና ወጪሽን የሚያስረዳ ማስረጃ ይዘሽ ነይ ይላል። አምስት ሳምንት ነበረኝ። የማመልከቻዬን ቅጂ ከሻንጣ አውጥቼ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩት። ከታች «ለቤተ ክርስቲያን፣ አንድ ፓውንድ» ይላል፤ በራሴ እጅ ጽሕፈት።

ተቀመጥኩ። ስድስቱ ትዝ አለኝ።

እኔ የማውቀው መንግሥት አንድ ቤት ነው። አንደኛው በር ላይ የተናገርሽው በሌላኛው በር ይሰማል። ቀበሌ ስለ ስኳር ኮታ የሞላሽውን ወረቀት ስለ ወንድምሽ ሲጠይቅሽ ያወጣዋል። እዚህ የተለየ ነው የሚል ሰው ነበር፤ ግን እንዴት እንደሚያውቅ ስጠይቀው «ሰው ነገረኝ» አለኝ። ሁለቱ ወረቀቶች አንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይታዩኝ ጀመር። ይህች ሴት ስለ ቤተ ክርስቲያኗ ከዋሸች ስለ ወንድሟስ እንዴት እናምናታለን? ይህን የሚለው ሰው ፊት የለውም፤ ድምፁን ግን እሰማዋለሁ።

በዚያ ሳምንት ሁለት ጊዜ ኮሌታ ገልብጬ ሰፋሁ። አለቃችን ሴትየዋ የሰፋሁትን ዘርግታ፣ «ይህን የሚለብሰው ሰው ጀርባውን ወደ ፊት አድርጎ ነው የሚሄደው?» አለችኝ። ፈትቼ እንደገና ሰፋሁ።

እሑድ ጋሼን ለብቻቸው ላናግር ስጠብቅ እሳቸው ቀደሙኝ። ታክስ መሥሪያ ቤት ወረቀታችንን ሊያይ ሰው እንደሚልክ፣ ሐሙስ ከሰዓት እንደሚመጣ ነገሩኝ። «ሁለት ሰዎችም ያነጋግራል። አንዷ አንቺ ነሽ።»

«ለምን እኔ?»

«ከደሞዝሽ ጋር ሲያስተያዩት በዛባቸው መሰለኝ። ምንም አይደለም። አሥራቴን ነው የምሰጠው ትይዋለሽ። ስልሳ ታገኚ የለም? ስድስት ልኩ ነው። ከዚህ የተሻለ ሒሳብ የለም።»

«ጋሼ፣ አሥራቴን ሰጥቼ አላውቅም።»

«እሱ ያውቃል?»

«ለኢሚግሬሽን አንድ ፓውንድ ብዬ ጽፌያለሁ።»

ይህን አልጠበቁም። «ማን ሙዪ አለሽ?» አሉ።

«መስመሩ ባዶ ነበር።»

«ባዶ ይሁን! ባዶ መስመር ያሰረው ሰው አለ?» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስሚኝ። ሌላ ነገር ብትናገሪ ገንዘቡን መልሱ ይሉናል። ማሞቂያው በዚያ ሊሠራ ነው። ሕፃናቱን አታዪያቸውም? ደግሞስ ሰረቅን? የተሰጠው ለእግዚአብሔር ነው፣ የገባውም እዚያው ነው።»

እውነት አላቸው። አንድ ፔንስ ወደ ማንም ኪስ አልገባም። እሺም እምቢም ሳልል ወጣሁ።

ማክሰኞ ከሥራ በኋላ አባ ዘንድ ሄድኩ። ቄሳችን አባ ያረጁ ሰው ናቸው፤ ስለ ታክስ ምንም አያውቁም፤ ለማወቅም አይፈልጉም። ሁሉንም ስነግራቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ያንቀላፉ መስሎኝ ነበር።

«አንቺ የሰጠሽው ስንት ነው?» አሉ።

«አንድ፣ አባ።»

«ታዲያ የሰጠሽው አንድ ነው።»

«ማሞቂያውስ?»

«ካፖርት አለን።»

«ቢመልሱኝስ አባ? ወደ አገር ቢልኩኝስ?»

«እጸልያለሁ» አሉ። ሌላ ነገር እንዲሉኝ ፈልጌ ነበር። ፈተና ነው ወይም አትፍሪ ቢሉኝ ቀለል ይለኝ ነበር። መስቀሉን ተሳልሜ በአውቶቡስ ተመለስኩ።

የቀሩት እትዬ ናቸው። እግራቸውን በሞቀ ውኃ ነክረው አገኘኋቸው። ልናገር ያሰብኩትን ነገርኳቸው። እግራቸውን ከሳፋው አወጡ።

«የእኔን ስም ልትጠሪ?»

«አልጠራም።»

«ቢያስገድድሽስ?»

«አልጠራም፣ እትዬ።»

«በማርያም በይ።»

«አልምልም። ግን አልጠራም።»

«እዩት እንግዲህ!» አሉ ለግድግዳው። «እሷ ጻድቅ ልትሆን እኔ አውሮፕላን ላይ ልሳፈር። በመሐላ የማትገባ ሴት እንዴት ትታመናለች?»

«ከሐሙስ በኋላ ስለትዎን እንደ ድሮው ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ እጨምረዋለሁ።»

«ሁለት ፓውንዱ ይቅርባት ለእመቤታችን?»

«ይቅርባት።»

ከዚያ ፎጣ አቀብዪኝ አሉና እግራቸውን አደረቁ። ስወጣ፣ «ደህና እደሪ» አላሉኝም።

ሐሙስ የግማሽ ቀን ደሞዜን ትቼ ከፋብሪካ ወጣሁ። ሰውየው ከአዳራሹ ጎን ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ከጋሼ ጋር ተቀምጦ ነበር። ሃምሳ ዓመት ይሆነዋል፤ ጉንፋን ይዞታል፤ ባነጠሰ ቁጥር ይቅርታ ይጠይቃል። ትሕትናው አላረጋጋኝም። ወንድሜን የወሰዱትም ይቅርታ ጠይቀው ነው የገቡት።

«ቁጥር አራት እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ።»

«በሳምንት ስድስት ፓውንድ።»

«አሥራቷን ነው የምትሰጠው» አሉ ጋሼ በእንግሊዝኛ። «በእኛ ሃይማኖት የተለመደ ነው።»

ሰውየው ጻፈ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ሁሉም ከራስዎ ገቢ ነው?» አለ።

በአውቶቡስ ላይ ያዘጋጀሁት አንድ ገጽ የሚሞላ ንግግር ነበር። ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚያስረዳ። ሁሉም ጠፋኝ።

«አንዱ የእኔ ነው» አልኩ። «አምስቱ የእኔ አይደለም።»

ጋሼ ፊታቸውን ፈገግ እንዳደረጉ በአማርኛ፣ «ምን እያልሽ ነው?» አሉ። «እጄን ይዘሽ ገደል ልትከቺኝ ነው?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሼ።»

«ይቅርታሽን ያዢው። እንግሊዝኛው ጠፍቶብኝ ነው በይው። አሁኑኑ።»

«አልጠፋብኝም።»

ሰውየው እርሳሱን አስቀምጦ ጠበቀን። ስንጨርስ፣ «የቀረው የማን ነው ታዲያ?» አለኝ።

«የሌላ ሰው ስለት ነው።» ስለት ምን እንደሆነ ለማስረዳት ጊዜ ወሰደብኝ። ከእግዚአብሔር ጋር የሚደረግ ውል ነው ስለው ራሱን ነቀነቀ።

«የሰውየውን ስም ሊነግሩኝ ይችላሉ?»

«አልችልም።»

«አይችሉም ወይስ አይፈልጉም?»

«ስለት የሚያደርስ ሰው የላኪውን ስም አይናገርም። አባቴም ቢሆን አልነግረውም ነበር። የእኔን ጥፋት ነግሬዎታለሁ። የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ ማንም እጄን አልያዘም። ከዚህ የበለጠ የለኝም።»

ሰውየው ብዙ ጻፈ። የሚጽፈውን ገልብጬ ላነብ ሞከርኩ፤ እጅ ጽሕፈቱ የሚነበብ አልነበረም።

ጋሼ ፈገግታቸው ጠፍቶ መዝገቡን ያዩ ነበር። ከዚያ በድንገት፣ በእንግሊዝኛ፣ «ቁጥር ስድስትም እንደዚሁ ነው» አሉ። ይህን አላውቅም ነበር። ቁጥር ስድስት ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሰውየው ይህንንም ጻፈ።

ፍርዱ አጭር ነበር። ወረቀቱ ወደ እውነተኛው ቁጥር ይስተካከላል፤ ቤተ ክርስቲያኑ በቀረው ላይ የወሰደውን ይመልሳል። ሰውየው ቦርሳውን ሲዘጋ ደፍሬ ጠየቅኩት።

«ይህ ነገር ወደ ኢሚግሬሽን ይሄዳል?»

ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየኝ። «እኔ የምጽፈው ለራሴ መሥሪያ ቤት ነው» አለ። አዎም፣ አይደለምም አላለኝም። ያንን ዓረፍተ ነገር ይዤ ሆሎዌይ ሮድን በእግሬ ወጣሁት። በያንዳንዱ አውቶቡስ ማቆሚያ ሌላ ትርጉም ሰጠሁት።

ማሞቂያው በዚያ ክረምት አልተሠራም። ወሬው በሁለት እሑድ ተዳረሰ፤ ግን ግማሹ ብቻ። ቁጥር አራት ለመንግሥት ሰው ተናገረች የሚለው ተሰማ። ጋሼ የተናገሩት አልተሰማም። እሳቸው አላወሩትም፤ እኔም አላወራሁትም። አዳራሹ ውስጥ አንዱ እጁን እያሻሸ፣ «ይሄ ብርድ የማን ነው?» ይላል። ሌላው፣ «የቁጥር አራት ነው» ይለዋል። ይህ ቀልድ ነው፤ ችዬዋለሁ። አንድ ቀን ብርጭቆ ልመልስ ወደ ማጀቱ ስገባ ግን አንዲት ሴት፣ «ቀስ በሉ፣ ጆሮ ጠቢ መጣች» አለች። ወሬው ቆመ። በዚያ ዘመን ይህን ቃል ለሰው መስጠት ምን ማለት እንደሆነ ያልኖረበት አያውቀውም። ብርጭቆውን አጥቤ፣ አድርቄ፣ በቦታው አስቀምጬ ወጣሁ። ጋሼ ለብዙ ሳምንታት ሰላምታ የሚሰጡኝ በባርኔጣቸው ብቻ ነበር።

የቃለ መጠይቁ ቀን ደረሰ። መርማሪው ስለ ወንድሜ፣ ስለ ቀበሌው፣ ስለ ፓስፖርቱ ሁለት ሰዓት ጠየቀኝ። የወጪውን ገጽ ሲገልጥ ጣቱን በዓይኔ ተከተልኩ። ገለጠና አለፈው። በመጨረሻ የሚጨምሩት ነገር አለ ወይ አለኝ። ስለ ፖስታው፣ ስለ አንዱና ስለ ስድስቱ ሁሉንም ነገርኩት። ከአፌ ሲወጣ ራሴን እየገረመኝ ነበር። መርማሪው ሰዓቱን ዓይቶ፣ «ይህ የእኛ ጉዳይ አይደለም» አለ። ግን ወረቀቱ ላይ የሆነ ነገር ጫር አደረገ። ጫር ያደረገው ነገር ሰባት ወር ሙሉ ከእኔ ጋር ኖረ። ጠዋት ደረጃውን ስወርድ መጀመሪያ የማየው ከበሩ ሥር ያለውን ምንጣፍ ነው፤ ቡናማ ፖስታ ካለ እግሬ ይከብደኛል፤ ከሌለም ይከብደኛል።

በሰባተኛው ወር ፈቃዱ መጣ። ደረጃው ላይ ቆሜ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መናገሬ ጠቀመኝ ወይስ ምንም አላመጣም፣ ወረቀቱ አይልም። ለሦስት እሑድ ለማንም አልነገርኩም። ቢሰሙ «ደሞዟን ተቀበለች» እንደሚሉ አውቅ ነበር።

መጀመሪያ የነገርኩት ለእትዬ ነው። በእነዚያ ወራት ቅዳሜ ቅዳሜ መሐረባቸውን ማቀበል አላቋረጡም፤ እኔም ሙዳየ ምጽዋቱ ውስጥ መጨመር አላቋረጥኩም፤ ሌላ ወሬ ግን አልነበረንም። ሲሰሙ ተነሥተው ጉንጬን ሳሙኝ። ከዚያ ወዲያው ከፍራሻቸው ሥር የታጠፈ ወረቀት አወጡ። እሳቸውም ለመኖር አመልክተዋል፤ ጠበቃው የሚያውቅሽና ወረቀት ያለው ሰው ደብዳቤ ይጻፍልሽ ብሏቸዋል።

«አንቺ አሁን ሰው ሆነሻል» አሉኝ። «ጻፊልኝ።»

«ምን ብዬ?»

«ደግ ሴት ናት፣ ሳይፈቀድላት ሥራ ሠርታ አታውቅም ብለሽ።»

«የመጀመሪያውን እጽፋለሁ።»

«ሁለተኛውንስ?»

እስክሪብቶ ፍለጋ ቦርሳዬን ከፈትኩ።

«አይ አንቺ! አንድ ቀን በዚህ እውነትሽ ታንቂኛለሽ። እሺ፣ ታዲያ የሚጻፈው ምንድን ነው?»

«ስንት ዓመት እንደማውቅዎ። ልጅዎ እንደታሰረ። ታምሜ ሳምንት ስተኛ ሾርባ ይዘው ደረጃውን ይወጡ እንደነበር። ስምዎን እንዳልጠራ ቢለምኑኝም ስለቱን አንድም ቀን እንዳላጎደሉ…»

«ስለቴን አትጻፊ!»

«አልጽፍም፣ እትዬ።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ ሳጥኑን ጠረጴዛ አድርጌ ጻፍኩ። ስለ ሥራ አንድም ቃል አላነሣሁም። ይህ ዝምታ ምን ያህል እውነት፣ ምን ያህል ውሸት እንደሆነ ያኔም ጠይቄ ነበር፤ ዛሬም መልሱን አላገኘሁም። ደብዳቤው ግማሽ ገጽ ሆነ። ወደ አማርኛ እየመለስኩ ሁለት ጊዜ አነበብኩላቸው።

«አጭር ነው» አሉ።

«አዎ፣ አጭር ነው» አልኩና ፈረምኩ።